ከኪልት ጋር የሚለበስ ሸሚዝ፦ በገመድ የሚታሰረው ወይስ ባለ ቁልፉ?

ግላስጎው መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ኪልት የተባለ ቀሚስ መሰል ባህላዊ ልብስ የለበስኩት ግን ከሰባት ዓመት በፊት፣ አማቴ ለሠርጋችን ብለው በልኬ አሰፍተው ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረባው ሠርግ የጠራው፣ ጥር መጨረሻ ላይ በስኮትላንዳዊው ገጣሚ በሮበርት በርንስ መታሰቢያ እራት የሚገኝ ወይም እንደ እኔ ከስኮትላንድ ቤተሰብ ጋር የተጋባ የአገሬ ልጅ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኪልቱንስ ተከራየሁ፣ ኮትና ክራባት የማያስፈልግበት ቦታ ስሄድ ከላይ ምን ልልበስ?» ይለኛል። በስልክ ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ በዝርዝር ጽፌዋለሁ፤ ምርጫዬም ከጅምሩ ይታወቅ፦ ወጥ ቀለም ያለው፣ መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ፣ የኮሌታው ጫፎች በትንንሽ ቁልፍ የሚያዙ፣ ኦክስፎርድ ከሚባለው ወፈር ያለ ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ።

የመጀመሪያው ግዢዬ ግን እርሱ አልነበረም። ኤዲንብራ ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ቁልቁል በሚወርደው የቱሪስት መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች በአንዱ፣ አንገቱ ላይ ቁልፍ ሳይሆን የቆዳ ገመድ በመስቀልያ የሚታሰርበትን፣ ሻጮች «የጃኮባይት ሸሚዝ» የሚሉትን በ32 ፓውንድ ገዛሁ። መስተዋት ፊት በእውነት ያምር ነበር። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ግን ገመዱ የሚያልፍባቸው የብረት ቀለበቶች ዙሪያቸውን ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ የዝገት ክብ ሠሩ፤ ሎሚም ሳሙናም አላስለቀቀውም። በሁለተኛው ጊዜ የገመዱ ጫፍ ተተርትሮ ቀለበቱ ውስጥ አልገባ አለ፣ በሦስተኛው ደግሞ ደረቴ ላይ ካሉት ቀለበቶች አንዱ ጨርቁን ይዞ ተነቀለ። ያሳየሁት ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ፣ ቀለበቱን መልሶ ለመትከል ከሥሩ ሌላ ጨርቅ መደረብ እንዳለበትና የእጁ ዋጋ ብቻ 12 ፓውንድ እንደሚሆን ነገረኝ፤ ለ32 ፓውንድ ሸሚዝ 12 ፓውንድ ማውጣት ስላልተዋጠልኝ ይዤው ተመለስኩ።

ሻጮቹ ይህ ሸሚዝ እ.ኤ.አ. በ1745፣ ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ቤተሰብ ለመመለስ የተዋጉት ጃኮባይቶች ባነሡት ዓመፅ ጊዜ የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ይለብሱት የነበረ ነው ይላሉ፤ ገዢውም ለዚህ ታሪክ ሲል ገንዘቡን ይከፍላል። በዚያ ዘመን ይለበስ የነበረው ግን ከተልባ ክር የተሠራ፣ በራስ ላይ የሚጠለቅ፣ እስከ ጭን የሚወርድ ረጅም ሸሚዝ ሲሆን አንገቱና እጅጌው የሚያዘው በቁልፍ ነበር። የብረት ቀለበትና የቆዳ ገመዱ የኛ ዘመን ፈጠራ ነው። ሸሚዙን ወደው የሚለብሱትን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ለታሪኩ ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

የባለ ቁልፉ ሸሚዝ ብልጫ የሚገባን የኪልትን አለባበስ ስናውቅ ነው። ኪልት እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ አያርፍም፤ ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ይታሰራል፣ በኋላው ያለው ሽንሽን ደግሞ ከባድ ነው፤ ደህና ሆኖ የተሰፋው 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል። ይህ ሁሉ ሱፍ ከወገብ ቆዳ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ያሳክካል፣ ላብም ይጠጣል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባው የሸሚዙ ጭራ ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው፤ በገላና በሱፍ መካከል ሆኖ ገላን ከማሳከክ፣ ኪልቱንም ከላብ ይጠብቃል። ጭራው አጭር ከሆነ ኬይሊ በሚባለው የስኮትላንድ ባህላዊ ጭፈራ ላይ፣ በተለይ ተሰልፈው እጅ ለእጅ እየተያያዙ በሚሽከረከሩበት ስትሪፕ ዘ ዊሎው በሚባለው፣ ክንድ በተነሣ ቁጥር እየተሳበ ይወጣና ከቀበቶው በላይ ይንጠለጠላል። ሸሚዙን ጨርሶ ውጪ መተው ደግሞ ሰፊውን ቀበቶና የሽንሽኑን አናት ስለሚሸፍን የኪልቱን ቅርጽ ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ያ ባለ ገመድ ሸሚዝ ከፖሊስተርና ከጥጥ የተቀላቀለ ነበር፤ ላቡን ራሱ አልጠጣ ብሎ ወደ ኪልቱ ስላሳለፈው፣ ከአንድ ምሽት ጭፈራ በኋላ ኪልቱን ላውንደሪ መስጠት ግድ ሆነብኝ። የኪልት ላውንደሪ ደግሞ እንደ ኮት ላውንደሪ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሽንሽን በክር ተይዞ ካልተካወየ መስመሩ ስለሚዛባ 38 ፓውንድ አስከፈሉኝ። ሸሚዙ 32፣ ላውንደሪው 38፣ በድምሩ 70 ፓውንድ፤ የለበስኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመልበስ 23 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ወጣበት ማለት ነው። ሰማያዊውን የኦክስፎርድ ሸሚዜን በጥር ወር ቅናሽ ከ34 ፓውንድ ወርዶ በ19 ገዛሁት። አራት ዓመት ሞልቶታል፤ በዓመት 20 ጊዜ ብቻ ለብሼዋለሁ ብል እንኳ 80 ጊዜ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ለጥገና ያወጣሁትን 14 ፓውንድ ጨምሬ 33 ፓውንድ ለ80 ሲካፈል አንድ ጊዜ ለመልበስ የወጣው 41 ፔንስ ገደማ ነው። ሥራ ቦታ በሱሪ የለበስኩትን ከዚህ ውስጥ አልቆጠርኩም።

ስለ ጥገናው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነውና። የጥጥ ሸሚዝ ቀድሞ የሚያልቀው ጺም በሚፈትገው የኮሌታው እጥፋት ላይ ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ኮሌታውን ከአንገቱ ፈቶ፣ ገልብጦ መልሶ ይሰፋዋል፤ ያለቀው ወደ ውስጥ፣ ያልተነካው ወደ ውጪ ይሆናል። ጫፉ በቁልፍ የሚያዝ ኮሌታ ሲገለበጥ የቁልፉ ቀዳዳ ሻካራው የስፌት ወገን ወደ ላይ ስለሚመጣ፣ ቀዳዳውን እንደገና በእጅ ዘምዝሙልኝ ማለት ያስፈልጋል፤ እኔ ሳልናገር ቀርቼ ቀኝ ጫፉ ክሩ ወጣ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ባለ ገመዱን ሸሚዝ እንዲህ አድርጎ ማደስ አይቻልም፣ የሚቀደደው ደረቱ ነውና።

ርካሽ ነገር ስንፈልግ ልንጠነቀቅበት የሚገባው «መቶ በመቶ ጥጥ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አታላይ ሸሚዝ ነው። በኢንተርኔት በ11 ፓውንድ ያዘዝኩት አንዱ በአምስተኛው እጥበት ብብቱ ሥርና ቀበቶው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንንሽ የክር እንክብል አወጣ። እናቴ ሽሮ ሜዳ ልብስ ስትገዛ ከጥለቱ ጫፍ አንድ ክር መዝዛ በክብሪት ታነድ ነበር፤ እኔም ከሸሚዙ ስፌት ውስጥ ካለው የጨርቁ ጠርዝ፣ የስፌቱን ሳይሆን የጨርቁን ክር መዝዤ አነደድኩት። ጥጥ ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ ብን የሚል አመድ ይሆን ነበር፤ ይህ ግን ቀልጦ ጥቁር ጠጣር ፍሬ ሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ከማላውቀው ሻጭ ሸሚዝ ስገዛ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ሁልጊዜ ይህን አደርጋለሁ። በርካሽ መግዛት የሚፈልግ በስጦታ የመጣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጡትን የበጎ አድራጎት ሱቆች ይዙር፤ ኤዲንብራ ስቶክብሪጅ ሰፈር ብዙ አሉ፤ እኔ በ6 ፓውንድ ምንም ያልተነካ የጥጥ ሸሚዝ አግኝቼበታለሁ።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ላንሣ። ኮሌታ አልባው የተልባ ክር ሸሚዝ፣ ሊነን የሚባለው፣ በበጋ ገላን ያቀዘቅዛል፤ ለ1745ቱ ዘመን ሸሚዝም ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። ነገር ግን ደህናው ዋጋው ወደድ ይላል፣ መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ሲወርዱም ካውያ አይቶ የማያውቅ ይመስላል። ገንዘቡ የማይከብደው ሰው ለበጋ ሠርግ ቢገዛው አልቃወምም። የራግቢ ማልያ መሪፊልድ ስታዲየም ለጨዋታ ሲኬድ ተገቢ ልብስ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ግን ወደ ውስጥ ሲከተት ቀበቶው ሥር ተጠቅልሎ ሆድ ያስመስላል። ፖሎ ሸሚዝ ጭራው አጭር ነው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ እተወዋለሁ።

ቀለምን በተመለከተ አማቴ ያስተማሩኝ መላ እስከ ዛሬ አልከዳኝም፤ ታርታን ከሚባለው ከኪልቱ ባለ መስቀለኛ መስመር ጨርቅ፣ ከሰፋፊዎቹ መስመሮች ሳይሆን ከቀጭኑ መስመር ቀለም ይወሰድና ደብዘዝ ያለው ይመረጣል። የእኔ ኪልት ጥቁር፣ አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ የተዋሃዱበት ብላክ ዎች የሚባለው ታርታን ነው፤ ቀጭን መስመሩ ጎልቶ ስለማይታይ ፈዛዛ ሰማያዊና ነጣ ያለ ክሬም ይስማሙታል። ባለ መስመር ሸሚዝ ከታርታን ጋር ማዋሃድ የለመደ ዓይን ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለብስ ሰው ወጥ ቀለም ቢመርጥ ይሻለዋል። ኪልት ኪስ ስለሌለውና ፊት ለፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የተባለው የቆዳ ቦርሳ ስልክና ቁልፍ ሲገባበት ስለሚሞላ፣ ሸሚዙ የደረት ኪስ ቢኖረው መልካም ነው፤ የባቡር ትኬቴ ሁልጊዜ እዚያ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ከኮሌታው ስፌት እስከ ጭራው ጫፍ ያለውን የኋላ ርዝመት በሜትር ይለኩ፤ በኢንተርኔት ከሆነ ሻጩን ጽፈው ይጠይቁት። የእኔ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቁመቴም 1 ሜትር ከ76። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚገባ 2 ሳንቲ ሜትር አስቀድመው ይቀንሱ፤ ቀንሰው ከ75 በታች ከሆነብዎት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ መልሰው ይስቀሉት።