ዌብሳይት ልታሰሩ ነው? ርካሹ፣ ውዱና ነጻው በደህንነት ሲወዳደሩ

ድሬዳዋ ከዚራም ሆነ ሐረር ጀጎል ውስጥ ንግድ ያለው ሰው ዌብሳይት ላሰራ ሲል የሚቀርቡለት አማራጮች ብዙ አይደሉም። በዎርድፕረስ፣ ዌብሳይት መገንቢያ በሆነው ነጻ ሶፍትዌር፣ የሚሠራ ልጅ አለ። ሆስቲንጉን፣ ማለትም ሳይቱ የሚቀመጥበትን የሰርቨር ቦታ፣ ከነክትትሉ የሚሸጥ ድርጅት አለ። እንደ ብሎገርና ዎርድፕረስ ዶት ኮም ያሉ፣ ሰርቨሩን ራሳቸው የሚያቀርቡ ዝግጁ አገልግሎቶች አሉ። ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የሌለው ተራ ገጽም አለ። ዋጋና ዲዛይን ላይ ሁሉም ሰው ይከራከራል። እኔ የማወዳድራቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሠሪው ከሄደ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

በብዛት ከሚሸጠው እንጀምር። ልጁ ርካሽ ሆስቲንግ ይገዛል፣ ዎርድፕረስ ይጭናል፣ ያማረ ቴም (የገጽታ ንድፍ) ያለብሰዋል፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰላም ነው። ከዚያ ዳሽቦርዱ (የመቆጣጠሪያ ገጹ) ላይ «ፕለጊን» (ተጨማሪ መገልገያ) ከሚለው አጠገብ ያለችው፣ መታደስ የሚጠብቁትን የምትቆጥረው ቁጥር ማደግ ትጀምራለች፤ 3፣ 9፣ 17። የሚያያት የለም። የሚያይ ቢኖርም «ከነካሁት ይበላሻል» ብሎ ይተዋታል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ያረጀ ቴም አዲሱን ፒኤችፒ፣ ዎርድፕረስ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ አይችለውም፤ ስለዚህ ሳይቱ አሮጌው ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ፒኤችፒ 7.4 ለምሳሌ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የደህንነት ጥገና አይወጣለትም።

ሳይት ሲጠለፍ ሰው ዎርድፕረስን ይረግማል። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። ዋናው ሶፍትዌር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደህንነት ጥገናዎችን ራሱ ይጭናል፣ ሠሪው ካልዘጋው በስተቀር። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ያለው ፕለጊኑና ቴሙ ላይ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሪቮሉሽን ስላይደር በሚባለው ፕለጊን በኩል ከ100,000 በላይ ሳይቶች ተበክለዋል። ጥገናው ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ግን ፕለጊኑ ከተገዛ ቴም ጋር ተሸጉጦ ስለሚመጣ፣ ብዙ ባለቤቶች እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋይል ማኔጀር የተባለው ፕለጊን ተራ ደረሰው። ከ700,000 በላይ ሳይቶች ላይ ተጭኖ ነበር፤ ጠላፊው ያለ ምንም ፓስዎርድ የፈለገውን ፋይል መጫን ይችል ነበር። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት የተሰበረ) ቴምማ፣ አቦ፣ ባይነሳ ይሻላል። አፕዴት አያገኝም፤ ብዙ ጊዜም ጠላፊው የሚገባበት ኮድ ተቀብሮበት ነው የሚመጣው።

ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም። ጀጎል ውስጥ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እንበል። ባለቤቱ ሳይቱን ሲከፍተው ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ መደቡም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶችም። ጉግል ላይ የማረፊያው ስም ሲፈለግ ግን ከስሩ በጃፓንኛ የተጻፈ የቦርሳና የጫማ ማስታወቂያ ተደርድሯል። ጠላፊው ኮዱን የጻፈው ማስታወቂያው ለጉግል ብቻ እንዲታይ አድርጎ ነው። ቱሪስቱ ያንን አይቶ ይሸሻል፤ ባለቤቱ «ዘንድሮ ገበያ የለም» ይላል።

ክትትል ያለው ሆስቲንግ ይህን ችግር ያቀልላል። ድርጅቱ ፒኤችፒውንና ዎርድፕረሱን ያድሳል፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይይዛል። ዋጋው ከርካሹ በብዙ ይበልጣል፤ ክፍያው በዶላርና በውጭ ካርድ ከሆነም ለእኛ ሌላ ራስ ምታት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ፕለጊኖቹንም ታድሳላችሁ? ባክአፑስ የት ነው የሚቀመጠው? እዚያው ሰርቨር ላይ ከሆነ ሰርቨሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በወር እየተከፈለው ይህንኑ የሚሠራ የድሬ ልጅ ካገኛችሁም ያው ነው፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን እንጂ።

ብሎገርና ዎርድፕረስ ዶት ኮም ላይ ሰርቨሩን የሚጠብቁት ባለቤቶቻቸው፣ ጉግልና አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ፣ ናቸው። የእናንተ ሥራ የአካውንቱን ፓስዎርድ መጠበቅና የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት ብቻ ነው። የብሎገር በር ጂሜላችሁ ነው፤ ጂሜሉ ከተወሰደ ሳይቱም ተወሰደ። ነጻው ዎርድፕረስ ዶት ኮም ፕለጊን መጨመር አይፈቅድም። ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ለደህንነት ግን እሰየው ነው።

ተራው ገጽ ብዙም አይወራለትም። ዳታቤዝ የለው፣ የመግቢያ ገጽ የለው፣ የሚያረጅ ፕለጊን የለው። የሚቀረው የሆስቲንጉ ፓስዎርድ ነው። ችግሩ፣ የክፍል ዋጋ ለመቀየርም ሠሪውን መጥራት ሊኖርባችሁ ነው።

እኔ ብሆን ለሐረሩ እንግዳ ማረፊያ ተራውን ገጽ እመርጣለሁ። ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ ካርታ፤ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? በየሳምንቱ አዲስ ነገር ለሚለጥፍ ሰው ብሎገር ይበቃል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቅ ኖሮት በኦንላይን ትእዛዝ የሚቀበል ግን የደንበኛ ስምና ስልክ ይዟል፤ ክትትል ያለውን ይግዛ። ለክትትል የሚከፍለው ከሌለው ትእዛዙን በቴሌግራም ቢቀበል ይሻለዋል። ሠሪ ብቻ ያለው፣ የሚከታተለው የሌለው ዎርድፕረስ ለማንም አልመክርም።

የትኛውንም ብትመርጡ ዶሜይኑ (የሳይቱ አድራሻ) በእናንተ ስምና በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሠሪው አጠገባችሁ ተቀምጦ ሁሉንም ፓስዎርድ ያስረክባችሁ። «አድሚን» የሚል የመግቢያ ስም ካያችሁም እዚያው አስቀይሩት።