ለኦአር (ለኦፕሬሽን ክፍል) የገዛነው የሃሎቴን መምጠጫ ቻርኮል ጣሳ፣ ከአንዲት አኔስቴቲስት (ማደንዘዣ ሰጪ)

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ሃሎቴን ወይም አይሶፍሉሬን የሚባሉትን በትንፋሽ የሚወሰዱ ማደንዘዣዎች የምትሰጡ ከሆነ ጣሳውን ግዙት፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ሌላው የማደንዘዣ ጋዝ ካላችሁ ግን ቻርኮል ናይትረስን አይዝም። ሻጩ "ሁሉንም ጋዝ ይመጥጣል" ቢላችሁ እንዳታምኑት፣ እኛንም እንደዛ ነበር ያለን።

ነገሩ ውስጡ አክቲቬትድ ቻርኮል (ጋዝ የሚይዝ ከሰል) የተሞላ ፕላስቲክ ጣሳ ነው። ከማደንዘዣ ማሽኑ ፖፕ ኦፍ ቫልቭ (የትርፍ ጋዝ መውጫ) የሚወጣው ትርፍ ጋዝ በቱቦ ይገባበታል፣ ሃሎቴኑ ቻርኮሉ ላይ ይቀራል፣ ሌላው አየር ከስር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። መብራት አይፈልግም፣ ግድግዳ መብሳት የለም። የኛ ኦአር ስካቬንጅንግ (ትርፍ ጋዙን ወደ ውጭ የሚወስድ መሳቢያ) የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም፣ ትርፉ ጋዝ እዛው እኛ ላይ ነው የሚለቀቀው፣ መስኮቱ ደግሞ ዝንብና አቧራ እንዳይገባ ዝግ ነው፣ እና ከሰዓት በኋላ ላይ ሁላችንም ራስ ምታት በራስ ምታት ሆነን ድካም ነው እያልን እንወጣ ነበር። ጣሳው ከገባ በኋላ ራስ ምታቱ በደንብ ቀንሶልኛል፣ የሰውነቴ ስሜት ነው እንጂ የለካነው ነገር የለም።

"ካልሸተተኝ የለም" የምትሉ ደግሞ ስሙኝ። የአሜሪካው የሥራ ቦታ ጤና ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሃሎቴንና ለመሰሎቹ ያስቀመጠው ጣሪያ 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 2) ነው፣ ሰው ግን ሃሎቴንን በማሽተት የሚለየው በአማካይ ከ30 ፒፒኤም በላይ ሲሆን ነው። ጣፋጭ ሽታው መጣ ማለት ከጣሪያው አልፋችሁ ሄዳችኋል ማለት ነው። ሰርጂካል ማስኩም ኤን95ቱም ጋዝ አይከለክሉም፣ ይሄን ለስንቱ እንደነገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እርጉዝ ሲስተሮች ሁሌ ይጠይቁኛል። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1967 ቫይስማን የሚባል የሶቪየት ሐኪም ከአኔስቴዥያ ሐኪሞች 31 እርግዝና 18ቱ ወርዷል ብሎ ከጻፈ ወዲህ ነው። ትንሽ ጥናት ነው፣ ያኔ ደግሞ የድሮው ማደንዘዣ ኢተሩም ሌላውም ተደባልቆ ነበር፣ ጋዝ መሳቢያ ባላቸው ኦአሮች ላይ የተሰሩት የኋላ ጥናቶች ያን ያህል ጉዳት አላሳዩም። እኛ ግን መሳቢያ የለንም ስለዚህ የነሱን መጽናኛ ለራሳችን መውሰድ አንችልም። ናይትረስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ቫይታሚን ቢ12ን ከስራ ውጪ ያደርጋል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ጥናት መሳቢያ በሌለበት ክፍል በሳምንት 5 ሰዓትና ከዛ በላይ የተነፈሱት የጥርስ ሐኪም ረዳቶች ለማርገዝ ተቸግረው ነበር።

አሁን ወደ ጣሳው ጉድለት። ትልቁ ችግሩ መሙላቱ አይታወቅም፣ በማሽኑ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዘው ሶዳ ላይም እንኳን ሲያልቅ ቀለሙ ይቀየራል፣ ይሄ ግን እንደ አዲስ ሆኖ ይቀመጥና ጋዙን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። መፍትሄው መመዘን ነው። የኛው ላይ 50 ግራም ሲጨምር ጣሉት ይላል፣ ስለዚህ ገና ሲከፈት መዝነን ክብደቱን በማርከር ጎኑ ላይ ጽፈናል፣ ለዚህ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ገዛን። ሚዛን ከሌላችሁ ጣሳውን መግዛት ለፎቶ ነው። ቁሙን አስቀምጡት፣ ቀዳዳው በፎጣ ወይም በሌላ ነገር እንዳይደፈን፣ ከተደፈነ ግፊቱ ወደ በሽተኛው ሳምባ ነው የሚመለሰው። ስቴሪላይዘር (ዕቃ በሙቀት ማምከኛ) አጠገብም አታስቀምጡት፣ ሲሞቅ የያዘውን መልሶ ይለቃል።

ደግሞ ጣሳው ቫልቩ ጋር የደረሰውን ነው የሚይዘው። ልጅ በማስክ ስታስተኙ ይወራጫል ማስኩ አይገጥምም፣ በጎኑ የሚያመልጠውን ጣሳው አያገኘውም። ቬፖራይዘር (ፈሳሹን ማደንዘዣ ወደ ትነት የሚቀይረው ዕቃ) ስትሞሉ የሚፈሰውም እንደዛው፣ እኔ አሁን የምሞላው ጠዋት ሰው ሳይገባ ነው። ኢንዱክሽን (በሽተኛውን ማስተኛቱ) ካለቀ በኋላ ፍሎው (የጋዝ ፍሰቱን) መቀነስ ከጣሳው ያላነሰ ይጠቅማል፣ መድኃኒቱም ይቆጥባል። ሪከቨሪ (በሽተኛው የሚነቃበት ክፍል) የሚሰሩት ልጆች ደግሞ ሁሌ ይረሳሉ፣ በሽተኛው የወሰደውን እዛ ነው የሚያስተነፍሰው፣ መስኮት መክፈት ግድ ነው።

በአጠቃላይ ከ5 3.5 እሰጠዋለሁ፣ ቀሪው ለሻጩ ጸባይ ነው የተቀነሰው። የመጀመሪያው ዙር ላይ አገናኙ ማሽናችን ላይ አልገባ ብሎ የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል (የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ) በፕላስተር ጠቅልሎ አስገባው፣ ያውም ይፈስ ነበር። የማሽናችሁን መውጫ 19 ይሁን 30 ሚሊሜትር ለክታችሁ ሂዱ፣ ሱቅ ውስጥ የሚያውቅላችሁ ሰው የለም።