ለድሮ መኪና አሎይ ቸርኬ የትኛው ዳዶ ይሻላል? ያገለገለ ኦሪጅናል፣ አዲስ ወይስ የቶርኖ?

ሐረር ላይ ፔጆ 404 ስንት ዘመን ታክሲ ሆኖ እንዳገለገለ የማያውቅ የለም። ድሬም ብትሄዱ ቮልሱ፣ ፊያቱ፣ የድሮው ላንድክሩዘር አሁንም በየሰፈሩ አለ። ባለቤቶቹ ይንከባከቧቸዋል፣ ቀለም ያስቀቧቸዋል፣ ከዚያ አሎይ (የአሉሚኒየም) ቸርኬ ያምራቸዋል። ቸርኬው ተፈልጎ ይገኛል። የሚያስቸግረው ዳዶው ነው። ያገለገለ አሎይ ብዙ ጊዜ ያለ ዳዶ ይሸጣል፤ የብረት ቸርኬው ዳዶ ደግሞ ለአሎዩ ሁልጊዜ አይሆንም።

በእጃችን ያለው ምርጫ ሦስት ነው። ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል፣ አዲስ የገበያ ዳዶ፣ ወይም ቶርኖ ቤት የሚሠራ። ብዙ ሰው ዋጋ ያወዳድርና አንዱን ይገዛል። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የዳዶው መቀመጫ ነው ባይ ነኝ። መቀመጫው ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

መቀመጫ ስል ዳዶው ቸርኬውን የሚነካበትን ቦታ ማለቴ ነው። ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው ሾጣጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 60 ዲግሪ ሆኖ ይሠራል፤ ለየብቻ የሚሸጡ አሎዮች በብዛት የሚፈልጉት ይህንን ነው። ሁለተኛው ድቡልቡል ነው፤ መርሴዲስና ቮልስዋገን ይጠቀሙበታል። ሦስተኛው ቀጥ ያለ አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው፤ ቶዮታ ከፋብሪካ ለሚያወጣቸው አሎዮች ብዙ ጊዜ ይህን ይሰጣል። ስለዚህ የቶዮታ ብረት ቸርኬ ዳዶና የቶዮታ አሎይ ዳዶ ጥርሳቸው አንድ ሆኖ መቀመጫቸው ይለያያል። ሾጣጣውን ዳዶ ለጠፍጣፋ በተሠራ ቀዳዳ ላይ ብታስሩት የሚነካው የቀዳዳውን ጠርዝ ብቻ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጠርዙ ይበላል፣ ዳዶው ይላላል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል።

ይህን ሱቅ ላይ ቆማችሁ በዓይን መለየት ይከብዳል። ቀላል መፈተኛ ግን አለ። የዳዶውን መቀመጫ በማርከር ቀቡት። ቸርኬው ላይ አስገብታችሁ በእጅ መፍቻ መጠነኛ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከዚያ ፈትታችሁ ተመልከቱ። ቀለሙ ዙሪያውን ሰፋ ብሎ ከተፋቀ ገጥሟል። የተፋቀው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ከሆነ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ዳዶውን መልሱት። ቸርኬውን ይዛችሁ ወደ ገበያ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው፤ አንዱን ብቻ መያዝ ይበቃል።

አንገት ባለው ዳዶ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። አንገቱ ከቀዳዳው ጥልቀት ማጠር አለበት። ከረዘመ ከቸርኬው ጀርባ ያለውን የፍሬን ታምቡር ነክቶ ይቆማል። መፍቻው ጠበቀ ይላል፣ ቸርኬው ግን አልታሰረም።

ጥርሱን በተመለከተ ቶዮታ 12 በ1.5 ነው፤ 12ቱ የብሎኑ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ 1.5ቱ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ነው። ዳትሰንና ኒሳን 12 በ1.25 ናቸው። ፊያት 124ና 128፣ ላዳም 12 በ1.25 ናቸው፤ እነሱ ግን ዳዶ የላቸውም፣ ብሎኑ ራሱ ከቸርኬው ውጭ በኩል ገብቶ ይታሰራል። መርሴዲስ 123ም እንደዚያው በብሎን ይታሰራል፣ 12 በ1.5። ባለ አራት ብሎኑ ቮልስ 14 በ1.5 ነው። ቮልስ ላይ ደግሞ የፋብሪካው ብረት ቸርኬ ድቡልቡል ሲፈልግ በኋላ የሚገዛው አሎይ ብዙ ጊዜ ሾጣጣ ይፈልጋል። ፔጆ ያላችሁ ሰዎች የማንንም ወሬ ሳትሰሙ የራሳችሁን አንድ ዳዶ ወይም ብሎን ፈትታችሁ አስለኩ።

እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ግማሽ ኢንች ዳዶ አለ። የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪኖች ላይ ይገኛል። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱም ከ1.25 ጋር በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ የዳትሰን ብሎን ላይ ሰተት ብሎ ይገባል። ሻጩም «ይኸው ገባ አይደል?» ይላችኋል። የያዘው ግን የጥርሱን ጫፍ ብቻ ስለሆነ ጠበቅ ሲደረግ ይላጫል። ዳዶው ገና በጣት ሲገባ ብሎኑ ላይ ከተንገዋለለ አትግዙት።

አሁን ወደ ሦስቱ ምርጫዎች።

ያገለገለው ኦሪጅናል ለፋብሪካ አሎይ ተወዳዳሪ የለውም። አንገቱ፣ ሮንዴላው፣ ብረቱ ሁሉም ለዚያ ቸርኬ የተሠራ ነው። ችግሩ ሙሉ ስብስብ ማግኘት ነው። አሥራ ስድስት ፈልጋችሁ አሥራ አንድ ታገኛላችሁ። ስትገዙ ውስጡን በጨርቅ ጥረጉና በስልክ መብራት እዩት፤ ጥርሱ ያብረቀርቅ እንደሆነ፣ የተላጨ እንዳለ። ሮንዴላው በነፃነት መዞር አለበት። ማዕዘኑ የተበላውን ደግሞ ተዉት፤ ጎሚስታው አንድ ቀን በመዶሻ ነው የሚፈታው።

አዲሱ ለሾጣጣ ቸርኬ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ሙሉ ስብስብ፣ አንድ ዓይነት፣ ጥርሱ ያልተነካ። ድሬ ከታጣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማስፈለግ ይቻላል፤ የጥርሱን ቁጥርና የመቀመጫውን ፎቶ ላኩ። ከአንድ ቁራጭ ብረት የተሠራውን ምረጡ። ላዩ ላይ ስስ ቆርቆሮ የለበሰውን አልመክርም። ውሎ አድሮ በውስጡ ዝገት ይገባና ቆርቆሮው ያብጣል፤ ያን ጊዜ የራሱ መፍቻ እንኳን አይገባበትም። ባለ ቀለሙን የአሉሚኒየም ዳዶም በየቀኑ ለሚነዳ መኪና አልወደውም፤ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። የድሮ አሎይ ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ደግሞ 21 መፍቻ ላይገባ ስለሚችል መፍቻ የሚይዘው ራሱ ቀጠን ያለውን ዳዶ ፈልጉ።

ጫፉ ዝግ የሆነው ወይስ ክፍት? ለድሬ አሸዋና አቧራ ዝጉ ጥሩ ነው፣ ጥርሱን ይሸፍናል። ነገር ግን ብሎኑ ረጅም ከሆነ ጫፉ የዳዶውን ጣራ ይነካና እንደ ረጅሙ አንገት ያታልላችኋል። ጥልቀቱን በእንጨት ስንጥር ለክታችሁ ከብሎኑ ጋር አስተያዩ።

የቶርኖው ነገር ለመናገር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ድሬ የባቡር ከተማ ናት። ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብረት ስትቆርጥ የኖረች ከተማ ባለሙያ አይጎድላትም። የተሰጠውን ልክ በትክክል ይሠራል። ጥያቄው ብረቱ ነው። የጎማ ብሎን ጠንካራ ብረት ነው፤ ዳዶው ከተራ ዘንግ ተቆርጦ ከተሠራ ጥርሱ ሲጎተት ይሳባል። ስለዚህ ዳዶ በቶርኖ አላሠራም። ሮንዴላ ግን አሠራለሁ። የቸርኬውን መሃል ቀዳዳ ከመኪናው ጋር የሚያገጣጥመውን ቀለበትም አሠራለሁ። እዚያ ላይ ቶርኖ ቤት ከማንም ይበልጣል።

የቱንም ብትገዙ ስንት ዙር እንደሚገባ ቁጠሩ። አሎይ ከብረት ቸርኬ ይወፍራል፤ ስለዚህ ከብሎኑ የሚተርፈው ያንሳል። 12 በ1.5 ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር፣ 12 በ1.25 ደግሞ 10 ዙር መግባት አለበት። ካነሰ ረጅም ብሎን ማስተከል እንጂ ዳዶ መቀያየር መፍትሔ አይሆንም።

ስታስሩ ጥርሱን አጽዱ፣ ግሪስ ግን አትቀቡ፤ ግሪስ ያለው ዳዶ ሳታስቡት ከልክ በላይ ይጠብቃል። በመስቀል እያፈራረቃችሁ እሰሩ። ለ12 ብሎን 100 ኒውተን ሜትር ገደማ በቂ ነው። ከዚያ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ድጋሚ አስፈትሹ። ከድሬ በደንገጎ ዳገት ሐረር መውጣት ለዚህ ልክ ነው፤ ሐረር ስትደርሱ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡና መፍቻውን አውጡ። ቁልቁለቱን ከመመለሳችሁ በፊት ይሁን፤ ደንገጎ ላይ ፍሬን ሲግል ቸርኬውም ይግላል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል።

ትርፍ ጎማችሁ የብረት ቸርኬ ከሆነ የድሮዎቹን ዳዶዎች አትሽጡ። ለአንድ ጎማ የሚበቃውን በፌስታል አድርጋችሁ ከክሪኩ ጋር አስቀምጡ፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ የአሎዩ ዳዶ ለትርፉ ላይሆን ይችላል።