ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ በጎጃም መንገድ፦ ከቻርጀር ወደ ቻርጀር

ይህን ግምገማ የምጽፈው መኪናው በጋውንም ክረምቱንም በጎጃም መንገድ ላይ ካሳለፈ በኋላ ነው። መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን ባትሪው 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ፋብሪካው በቻይና መለኪያ አንዴ ተሞልቶ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። የገዛሁት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ ነው፤ ክልከላው ባይኖርም ግን ውሳኔዬ አይለወጥም ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ለቤንዚን ሰልፍ ይዞ ያደረ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ስለ መቀመጫው ምቾትና ስለ ውስጡ ጌጥ የጻፉ ብዙ ስለሆኑ እዚያ ላይ አልቆይም። የእኔ አጠቃቀም ለየት የሚለው ጉዞዬን የማቅደው በቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ዙሪያ በመሆኑ ነው። በአንዱ ከተማ አዲስ ቻርጀር ተተከለ ሲባል ስሰማ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቼ የቅዳሜና የእሁድ ጉዞዬን ወደዚያ አዞራለሁ። ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ሶኬት ልንሳለም ነው?» እያለች ትቀልድብኛለች። ልማዱ ግን ከመዝናናት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ጣቢያውን ሳይቸግረኝ አስቀድሜ ስላየሁት፣ የግድ በሚያስፈልገኝ ቀን ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። መጠበቁም ቢሆን ሁልጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ እንጅባራ ላይ መኪናውን ሰክተን በባጃጅ ዘንገና ሐይቅ ደርሰን፣ ዙሪያውን በእግራችን ተዘዋውረን ስንመለስ ባትሪው ከበቂ በላይ ሞልቶ አግኝተነዋል።

ስለ ርቀት ከተነሳ፣ 510 የሚለው ቁጥር በእኛ መንገድ ላይ አይገኝም። በሰዓት ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስነዳ፣ በደልዳላ መሬት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይህም ሙሉው ባትሪ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስኬዳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጎጃም ውስጥ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ከፍታውን ማስላት ይጠቅማል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ በመራዊና በዳንግላ በኩል ሲወጣ መኪናው ርቀቱ ከሚጠይቀው በተጨማሪ ለዳገቱ ብቻ ከባትሪው 6 በመቶ ያህል ያወጣል፤ በመልሱ ከዚያው ከፊሉን ይሰበስባል። ከእንጅባራ በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወርድ ያተረፈውንም በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወጣ ይጨርሰዋል። ከባሕር ዳር ሞልቼ ከተነሳሁ፣ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨርሼ ከባትሪው ሩብ ያህል ይተርፈኛል። ይህ ስሌት የሚዛባው ጣሪያው ላይ ዕቃ ስጭን፣ ወይም በነሐሴ ዝናብ ውኃ የተኛበት አስፋልት ላይ ስነዳ ነው።

ከፍታው ጉዳት ብቻ ይዞ አልመጣም። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለሥራው አየር ስለማያስፈልገው ከጉልበቱ አንዳች አይጎድልበትም፤ አየሩ መሳሳቱ እንዲያውም ከፊት የሚገፋውን የነፋስ ጫና ያቀልለታል። ይህ የሚታወቀው የዓባይን በረሃ ሲወጡ ነው።

በረሃው የዚህ መስመር ዋና ፈተና ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ሁለቱም የሚያልቁት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ነው። ሲወረድ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ከደጀን በ80 በመቶ ብነሳ ድልድዩ ጋ ስደርስ 86 አካባቢ አነባለሁ። ዳገቱ በተራው 17 በመቶ ያህል ወስዶ ጎሐ ጽዮን ላይ ከ70 በመቶ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያደርሰኛል። አዲስ ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፦ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ስለማይኖር መኪናው በሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፤ ሸክሙም በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ስለዚህ ደጀን ላይ ያደረ ሰው እስከ 100 ሞልቶ እንዲወርድ አልመክርም፤ 85 ከበቂ በላይ ነው። ከፊት ያለው ሲኖትራክ ፍሬኑ ግሎ ሽታው በመስኮት በሚገባበት በዚያ ቁልቁለት ላይ የእኔ ፍሬን ቀዝቃዛ መሆኑ የዚህ መኪና ትልቁ ጸጋ ነው። ዳገቱም ላይ ቢሆን፣ ጭነት ካንገዳገደው አይሱዙ ጀርባ ሲወጡ ማርሽ መቀነስና ሞተሩን ማስጮህ የለም፤ ፊት ለፊት ነጻ መሆኑ ከታየ ረግጦ ማለፍ ብቻ ነው።

ወደ ጣቢያዎቹ ልመለስ። ቻርጀሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ኪሎ ዋት ብዙ አይነግርም። 60 ኪሎ ዋት የተባለና ሁለት ኬብል ያለው ቻርጀር ሁለት መኪና ሲሰካበት ለእያንዳንዱ 30 ያካፍላል፤ ትራንስፎርመሩን ከሰፈሩ ጋር የሚጋራ ከሆነ ደግሞ ምሽት ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ ከዚያም ያነሰ ይሰጣል፣ አለዚያም ራሱን ያጠፋል። መኪናው በፈጣን ቻርጀር እስከ 80 ኪሎ ዋት ገደማ መቀበል ቢችልም፣ ጎጃም ውስጥ ይህን ያህል የሰጠኝ ጣቢያ አልገጠመኝም፤ ከ30 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ አንድ ሰዓት መመደብ ልማዴ ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ጣቢያ ስደርስ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ትራንስፎርመሩን ነው፤ ለጣቢያው ብቻ የቆመ ከሆነ ግማሹ ጥያቄዬ ተመለሰ ማለት ነው። ቀጥዬ መብራት ሲሄድ የሚተካ ጄኔሬተር እንዳለ እጠይቃለሁ። ከቻይና ገበያ የመጣ መኪና መሰኪያው ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ስለሆነና አብዛኞቹ ጣቢያዎችም ያንኑ ይዘው ስለቆሙ እኔ አልተቸገርኩም፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራና ሲሲኤስ 2 የሚሰካ መኪና ያለው ጓደኛዬ ግን ከመነሳቱ በፊት የኬብሉን ፎቶ እስኪልኩለት ይጠብቃል።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላው ጉዳይ ኔትወርክ ነው። አንዳንዱ ቻርጀር በስልክ መተግበሪያ ካልታዘዘ አይነሳም። በአንድ አዲስ ጣቢያ መብራቱ ኖሮ፣ ቻርጀሩ ደኅና ሆኖ፣ ሠራተኛውም አጠገባችን ቆሞ፣ ዳታ ስላልነበረ ብቻ ሳንሞላ ተመልሰናል። በእኛ አካባቢ ዳታ ቀርቶ ስልክም የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ የታወቀ ነውና፣ ካርድ በማስነካት የሚነሳና ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ ወይም ያለ ዳታ በቴሌብር አጭር ቁጥር የሚቀበል ጣቢያ በፍጥነቱ ቢያንስም ከሌላው አስቀድመዋለሁ።

ጣቢያ በሌለበት ከተማ የምሞላው ካረፍኩበት ቤት ሶኬት ነው። በመኪናው ይዤው የምዞረው ትንሹ ቻርጀር 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሌሊቱን ተሰክቶ ቢያድር ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ያስኬዳል። ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ባለች አንዲት ከተማ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ገመዱን አይተው «ልጄ፣ ይኼ ነገር ቆጣሪዬን አያቃጥልብኝም?» አሉኝ። «እማማ፣ የእርስዎ ምጣድ ከዚህ የበለጠ ነው የሚስበው» አልኳቸው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። «እንዲያ ከሆነማ እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ሰካው» ብለው ፈረዱ። መሐንዲስም ከዚህ የተሻለ አይፈርድም፤ ምጣዱና መኪናው በአንድ መስመር ላይ ቢገናኙ ኖሮ ብሬከሩ አይችላቸውም ነበር።

በዚያ ምሽት የባሰው ችግር ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው የምድር ሽቦ ነበር። ቻርጀሩ የምድር ሽቦ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል፤ ሶኬቱም የምድር ማገናኛ ቢኖረውም ከኋላው የታሰረለት ሽቦ አልነበረም። የሰፈሩ ኤሌክትሪሽያን መጥቶ ጓሮ ውስጥ ከቧንቧው ሥር እርጥብ ቦታ መረጠ፤ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ ዙሪያውን በጨውና በከሰል ሞላው፤ ሁለት ባልዲ ውኃ ካፈሰሰበት በኋላ አረንጓዴው መብራት በራ። ወጪውን እኔ ቻልኩ፤ ዘንጉም ለቤቱ ቀረ። አንዳንዶች የምድር ሽቦውን ኒውትራል ከሚባለው የኮረንቲ መመለሻ ሽቦ ጋር በማያያዝ ቻርጀሩን ያታልላሉ፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ የመኪናው አካል በሙሉ ኮረንቲ ስለሚይዝ ይህ ፈጽሞ መሞከር የሌለበት ነገር ነው።

አሁን ባለው ሁኔታ በጎጃም መንገድ ከመሸ በኋላ መጓዝ አይመከርም፤ መንገዱ ጭራሽ የሚዘጋበት ቀንም አለ። በዚህ ምክንያት ቻርጀር ላይ ተራ መጠበቅ ሌላ አገር መሰልቸት ብቻ ሲሆን፣ እዚህ ሳያስቡት ማደርን ያስከትላል። ከ30 በመቶ በታች ይዤ ወደማላውቀው ጣቢያ አልሄድም፤ መብራት ጠፍቶ ብደርስ ወዳለፍኩት ከተማ የምመለስበት ሊኖረኝ ይገባል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ፍሬኑ የአዲስ ያህል ነው። ጎማው ግን በመኪናው ክብደት የተነሳ ፈጥኖ ያልቃል፤ ልኩን ከባሕር ዳር ውጭ ማግኘት ይከብዳል፤ ትርፍ ጎማም ስለሌለው የራሴን ገዝቼ ከኋላ ጭኛለሁ፤ ከጎሚስታ ርቆ የጎማ ቀዳዳ በሚደፍን ፈሳሽ መተማመን ለእኛ መንገድ አይሆንም። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለተዘረጋና መኪናው ከመሬት ብዙ ከፍ ስለማይል፣ በየከተማው መግቢያ ያለውን የፍጥነት መገደቢያ ቀስ ብሎ ማለፍ ግድ ነው። ድምፅ አልባነቱ ለተሳፋሪው ደስ ቢልም በገበያ ቀን ያስፈራል፤ ከነአህያው መንገዱን ይዞ የሚሄድ ገበሬ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዳር መያዝ ስለለመደ፣ ከሩቅ ጀምሬ በክላክስ አሳውቃለሁ። የባትሪው አቅም ሲወርድ እስካሁን አላየሁም፤ ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ስለሆነም አምራቹ እንደሚመክረው በሳምንት አንዴ እስከ 100 እሞላዋለሁ።

ወጪውን በተመለከተ፣ የቤት ታሪፍ የወሩ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ የሚልበት ስለሆነ፣ መኪና ያለው ቤት ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ወደሚጀምረው የመጨረሻ እርከን ሊገባ ይችላል፤ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። እንዲያም ሆኖ ለዚያው ርቀት ከሚወጣው የቤንዚን ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ በጥቁር ገበያ የሚሸጠውንማ ማንሳት አያስፈልግም።

እነዚህን ሁሉ ጣቢያዎች ከዞርኩ በኋላ የደረስኩበት አቋም ለቻርጀር ነጋዴዎች የሚጥም አይመስለኝም፤ የጎጃም መንገድ ከትላልቅ ፈጣን ቻርጀሮች ይልቅ በየሆቴሉ አንድ አንድ ጥሩ የ7 ኪሎ ዋት መስመር ያስፈልገዋል። ከጣና ውኃ የሚያመነጨው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ይዘው ሳለ፣ ለመኪናዬ የሚጎድለው ከሰፈር ትራንስፎርመር እስከ ሶኬት ያለው የመጨረሻው ክፍል ነው። ፈጣን ቻርጀር ይህን ደካማ መስመር በአንድ ጊዜ ያጨናንቀዋል፤ 32 አምፒር ብሬከር፣ ወፍራም ሽቦ፣ የተፈተነ የምድር ሽቦና ለብቻው የሚነበብ ቆጣሪ ግን ምጣዱ ከተነሳ በኋላ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ባዶ ባትሪ ሞልተው ያሳድራሉ፤ ሰውም በምሽት ስለማይጓዝ ሰዓቱ አይቆጨውም። እንግዳው የወሰደውን ያህል ከቆጣሪው አንብቦ ይከፍላል፤ በግምት መደራደርም ይቀራል። አንድ የደብረ ማርቆስ ሆቴል ይህን ካደረገ ወዲህ፣ የአልጋው ዋጋ ከጎረቤቶቹ ቢበልጥም ወደ አዲስ አበባ ስወርድ የማድረው እዚያ ነው።