ስለ ድሮው ባቡር ለማውራት፦ አዳራሽ ወይስ ድሬዳዋ ጣቢያ?

የጅቡቲ–አዲስ አበባን የድሮ ባቡር ታሪክ በፎቶ አስደግፎ ለሕዝብ መተረክ የሚፈልግ ሰው ሁለት አማራጭ አለው፤ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር፣ ወይም እዚያው ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ።

አዳራሹ ጊዜን ለማሳየት ይመቻል። ግንባታው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ካርታና የድሮ ፎቶ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ሐዲዱ የሐረርን ደጋ ትቶ በቆላው ማለፉ ድሬዳዋን እንዴት ከተማ እንዳደረጋት ወዲያው ይገባል።

ጣቢያው ላይ ደግሞ ነገሩ በአካል ይታያል። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፤ የአዲሱ ባቡር ሐዲድ 1.435 ሜትር። የድሮው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ስክሪን ላይ አይቶ መገመት ከባድ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ግን ማንም ያየዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች መኖራቸው ነው። አንድ ማሽን ስታሳይ እነሱ አሠራሩን ያስረዳሉ፤ ስትሳሳትም ያርሙሃል። እውቀታቸው ሳይቀዳ ባያልፍ እንዴት ጥሩ ነበር!

በእርግጥ ጣቢያው ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ጠዋት በጊዜ መጀመር ይሻላል። ለአዲስ አበባ ታዳሚ አዳራሹ ይበቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን አዳራሽ መከራየት ለእኔ ትልቅ ዕድል ማባከን ነው።