ያለ ግሪን ስክሪን የተቀረጸ ቪዲዮ ላላችሁ

ለአንዲት የቪዲዮ ኤዲተር ያለኝ ምስጋና ዘግይቷል፣ ግን ሳልጽፈው ብቀር ይቆረቁረኛል። ለኦንላይን ትምህርት ራሴን በስልክ ቀርጬ ነበር፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ከኋላዬ አድርጌ። ከጀርባዬ ሥዕላዊ መግለጫ መግባት እንዳለበት የገባኝ በኋላ ነው። ግሪን ስክሪን (ጀርባውን በኋላ ለመቀየር የሚሰቀለው አረንጓዴ መጋረጃ) የለ፣ ምን የለ። እንደገና እንዳልቀረጽ ደግሞ ያኔ የነበረኝን ጎፈሬ ተቆርጬዋለሁ።

መጀመሪያ የሰጠሁት ሰው እኔን ከመደርደሪያው ለይቶ በአውቶማቲክ ቆርጦ መለሰልኝ። ዝም ብዬ ስቆም ደህና ነው። እጄን ሳወናጭፍ ግን ጣቶቼ ይጠፋሉ፣ የፀጉሬ ዳር እንደ ፈላ ውሃ ይንተከተካል፣ ቡናማው መደርደሪያ ከቡናማው ጃኬቴ ጋር ተምታቶ ትከሻዬ ላይ መጽሐፍ በቅሏል።

ከዚያ ይቺን ኤዲተር አገኘሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ኦሪጅናሉን ፋይል ነው፤ በቻት የላክሁት ሲጨመቅ ጠርዙ ፈርሷል። ቀጥላ «ባዶውን ክፍል ቀርጸኸው ነበር?» አለችኝ። ካሜራው ስላልተነቃነቀ እሱ ቢኖር ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያነጻጸረ ያግዛት ነበር። የለኝም። «እንግዲያው አብዛኛው በእጅ ነው» አለች።

በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የቀረጽኩት፣ 40 ሰከንድ ብቻ 1,000 ምስል ይሆናል። ጭንቅላቴን፣ ደረቴን፣ ክንዴንና ጣቶቼን ለየብቻ ማስክ (የሚቀረውን ከሚጠፋው የሚለይ ቅርጽ) ሠራችላቸው፤ እጄ አቅጣጫ የሚቀይርበት ፍሬም ላይ ቅርጹን ታስተካክላለች፣ መሃሉን ኮምፒውተሩ ይሞላዋል፣ ከዚያ እሱ የሳተውን እየለቀመች ታርማለች። ፈጥኖ የሚወናጨፍ እጅ ዳሩ ብዥ ይላል አይደል? እሱን ስል አድርገው ሲቆርጡት ነው ሰውየው ከወረቀት የተቀደደ የሚመስለው። እሷ ብዥታውን አልነካችውም።

የጎፈሬውን ነገር በግልጽ ነገረችኝ፦ «እያንዳንዷ ፀጉር አትወጣም፣ አልዋሽህም።» እኔ ነጭ ባክግራውንድ ነበር የፈለግኩት። ከመደርደሪያው ጋር የሚቀራረብ ጠቆር ያለ ቀለም ይሻልሃል አለች፣ ትንሽ ተከራከርኩ፣ ልክ እሷ ነበረች። ከማስረከቧ በፊት ደማቅ ቀይ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፤ የተሳሳተ ጠርዝ እዚያ ላይ አይደበቅም። ሁለት ቀን አዘግይታብኛለች፣ ግን አስቀድማ ነግራኛለች።

በመነጽሬ ጥግ አሁንም የመደርደሪያው ቁራጭ ይታያል። ባልነግራችሁ አታዩትም ነበር።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ። ስትረከቡ ፕሮሬስ 4444 (ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ መያዝ የሚችል የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) በሏት፣ የተለመደው ኤምፒፎር ባዶውን ቦታ ጥቁር አድርጎ ይመልስላችኋል።