ለደቡብ ኦሞ ጉዟችን ዕቅድ ላወጡልን የዓለም ገናው የጉዞ አዘጋጅ የቀረበ ምስጋና

የቡታጅራው መንገድ ከጅማው መንገድ ከሚገነጠልበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ ዓለም ገና ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ለሚሠሩ አንድ የጉዞ አዘጋጅ በቤተሰቤ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ስማቸውን በአደባባይ አላነሳም። ለረጅም ዓመታት በደቡቡ መስመር መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው አሁን ለሌሎች ጉዞ የሚያቅዱ ሰው መሆናቸውን ግን መናገር እወዳለሁ፤ ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ እሳቸውን ቢያማክር መልካም ነው ብዬም ከልብ አምናለሁ።

ከውጭ አገር የመጡት የወንድሜ ልጆች የዱር እንስሳትንም የኦሞ ሸለቆ ሕዝቦችንም ማየት ፈልገው ነበር፤ እናቴም አብራን ለመሄድ ቆርጣ ተነሥታ ነበር። መጀመሪያ ያነጋገርነው ሌላ አዘጋጅ ዝሆን እንደምናይና ወጣቶች በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ የሚዘሉበትን የሐመር ሕዝብ የከብት ዝላይ ሥርዓት እንደሚያሳየን በእርግጠኝነት ነግሮን፣ ጠቅላላ ዋጋውን በአንድ መስመር ጽፎ ሰጠን። የዓለም ገናው ሰው ግን ስለ ዋጋ አንድ ቃል ከመናገራቸው በፊት የእያንዳንዳችንን ዕድሜና የጤና ሁኔታ፣ እናቴ በቀን ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ እንደምትችል፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለም ጠየቁኝ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ የምትሄዱት አውሬውን ልታዩ፣ ሰውን ግን ልትጠይቁ ነው፤ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ዝግጅት አይሆንም» አሉኝ። ቀጥሎ የሠሩት ዕቅድ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር።

እኛ ያሰብነው በፋሲካ ሰሞን ለመሄድ ነበር። እሳቸው በዚህ በፍጹም አልተስማሙም። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በመጸው ደግሞ አነስ ያለ ዝናብ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ በክረምት ጭቃ ስትዋጥ እነ ቱርሚ በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። በዝናብ ወራት የማጎ ጥቁር አፈር መኪና ይይዛል፣ ደረቅ የነበሩ የአሸዋ ወንዞችም ድንገት ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ። ስለዚህ ጉዞው ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ወሰኑ፤ በዚያ ጊዜ ሙቀቱ ቢበረታም መንገዱ አስተማማኝ ነው፣ እንስሳቱም ውኃ ወዳለበት ይጠጋሉ። ከመነሣታችን በፊት በነበሩት ቀናትም በየወረዳው ለሚያውቋቸው ሰዎች ደጋግመው እየደወሉ የመንገዱን፣ የነዳጁንና የጸጥታውን ሁኔታ አጣሩልን።

ዕቅዱን ያወጡት በአንድ ተራ የተማሪ ደብተር ላይ ሲሆን፣ መጀመሪያ የጻፉት የገበያ ቀናቱን ነበር፤ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። የበና፣ የፀማይ፣ የአሪና የሐመር ሕዝቦች እህላቸውን፣ ቅቤያቸውንና ፍየላቸውን ይዘው የሚገናኙት በእነዚህ ቀናት በመሆኑ፣ እንግዳ ሰው ማንንም ሳያስቸግር ከሕዝብ ጋር ተደባልቆ የሚገዛበትና የሚጨዋወትበት ቦታ ገበያው ነው የሚል እምነት አላቸው። የቀረውን ጉዞ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ከእነዚህ ቀናት ጋር አገጣጠሙት። ለእናቴ ሲሉ የመጀመሪያውን ቀን ወላይታ ሶዶ ላይ አቆሙት፤ በመንገዱ ላይም ጢያ ጎራ ብለን 36ቱን ትክል ድንጋዮች እንድናይ አደረጉ። ጢያና የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ሁለቱም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ ለልጆቹ የጉዞው ትምህርት ከዚያ እንዲጀምር ፈልገው ነበር። የጫሞ ሐይቅ የጀልባ ጉዞ በጠዋት እንዲሆን ያደረጉት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ ነው። «የአዞ ገበያ» በሚባለው ዳርቻ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ በቅርብ ርቀት አየናቸው። ኮንሶ ላይ ከ400 ዓመት በላይ ሲሠራና ሲጠገን የኖረውን የእርከን እርሻ የአካባቢው አስጎብኚ እየመራን ጎበኘን።

ለማጎ ብሔራዊ ፓርክ ያደረጉልን ዝግጅት ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ማጎ እንደ ኬንያው ማሳይ ማራ ገላጣ ሜዳ አይደለም፤ አብዛኛው እሾሃማ ቁጥቋጦና ደን ነው፣ እንስሳቱም ሰው ይፈራሉ። ይህን አስቀድመው በግልጽ ስለነገሩን ማንም ቅር ሳይሰኝ ተመለሰ። የከብት ገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ በሰማያዊና በጥቁር ቀለም ስለሚሳብ፣ ሁላችንም ፈዘዝ ያለ ቀለምና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ እንድንይዝ አሳሰቡን፤ ስለ ወባም ከመነሣታችን ቀደም ብለን ሐኪም እንድናማክር አደረጉ። ከጂንካ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ከፓርኩ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጋር ገባን። ሚዳቋ መሰል ትንንሽ እንስሳት የሆኑ ጥንድ እንሹዎች ከመንገዱ ዳር ቆመው አይተውን ወደ ቁጥቋጦው ገቡ፤ የጅግራ መንጋና ዝንጀሮዎችም አየን። ስካውቱ መኪናውን አስቁሞ ጠርዙ ገና ያልፈረሰ የጎሽ ዱካ በጣቱ እየተከተለ መንጋው ሌሊቱን ወደ ወንዙ እንደወረደ ለልጆቹ ባስረዳቸው ጊዜ፣ ትንሹ ልጅ መሬት ላይ ተንበርክኮ የራሱን መዳፍ ከዱካው ጋር አስተያየ። ዝሆን አላየንም።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ሰው በሚገኝበት ቦታ እንዴት መሆን እንዳለብን ስላዘጋጁን ነው። በየመንደሩ ስለ ፎቶግራፍ አስቀድመው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረው፣ ለመንደሩ የሚሰጠውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ስምምነት ላይ አድርሰው ስለነበር፣ ልጆቹ በእያንዳንዱ ፎቶ ከሰው ጋር ሲከራከሩ አልታዩም። ካሜራው መጀመሪያ መኪና ውስጥ እንዲቀር፣ ተቀምጠን ሰላምታ ተለዋውጠን ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ ብቻ እንዲወጣ ቃል አስገቡን። የከብት ዝላይ በገንዘብ እንዲዘጋጅ ስንጠይቃቸው ፈጽሞ እንደማያደርጉት ገለጹልን፤ ሥርዓቱ አንድ የሐመር ወጣት ወደ አዋቂነት የሚሸጋገርበት የቤተሰብ ጉዳይ በመሆኑ፣ ቀኑ ከገጠመና ቤተሰቡ ከጋበዘ እንታደማለን፣ ካልሆነ አንታደምም ነበር መልሳቸው። ቀኑ አልገጠመም። በምትኩ ቱርሚ አጠገብ በአንድ የሐመር ቤተሰብ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠን ትኩሱን የቡና ገለባ መጠጥ በቅል ጠጣን። የቤቱ እመቤት በቅቤና በቀይ አፈር የተሠራውን ሹሩባዋን እናቴ በአድናቆት ስትመለከተው አይታ፣ ራሷ የእናቴን እጅ ይዛ አስነካቻት፤ ሁለቱ በአስተርጓሚ ስለ ልጅ አስተዳደግ ለረጅም ጊዜ ተጨዋወቱ። ይህ ዕድል የተገኘው ቀኑ በጉብኝት ስላልተጣበበ ብቻ መሆኑን አዘጋጃችን አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ሒሳቡንም በተመለከተ የመኪና ኪራዩን፣ የፓርክ መግቢያውን፣ የስካውቱን፣ የጀልባውንና የየአካባቢው አስጎብኚዎችን ክፍያ ለየብቻ ጽፈው ሰጥተውናል፤ ስንመለስም ደረሰኞቹን አያይዘው፣ የተረፈውን ገንዘብ ሳንጠይቃቸው መልሰውልናል። በመኪናው ላይ ሁለት ትርፍ ጎማና በቂ የመጠጥ ውኃ መጫኑን መነሻችን ቀን ጠዋት ራሳቸው መጥተው አረጋግጠዋል።

እሳቸውን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ቡድን ስለማይቀበሉ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መነጋገር ይሻላል። የተጓዦቹን ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታና ያላችሁን ቀናት ጽፋችሁ ብትመጡ ሥራቸውን ታቀሉላቸዋላችሁ፤ ለፋሲካ ሰሞን ግን ወደ ማጎ እንዲያቅዱላችሁ ብትጠይቋቸው እንደማይስማሙ ከወዲሁ እወቁት።